«ዘር ከልጓም ይስባል»

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ ሰው የወንድማቸውን ልጅ እንዴት እንዳስቀጠሩ ሲያወሩ ቆይተው «ምን ላድርግ፤ ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ሣቁ። ምሳሌው ዛሬ የአድልዎ ማመካኛ ሆኗል።

እኔ ግን የተወለደው በጋብቻ ሽማግሎች መካከል ነው ባይ ነኝ። በልጅነቴ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ከጥሎሹ በፊት ዘር ይቆጠር ነበር። አያቴ ጣታቸውን እያጠፉ የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ፤ አንድ ሰው በሰባተኛው ቤት ብቻ 128 ቅድመ አያቶች እንዳሉት ባያሰሉም፣ ከአንዲቱ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ይገናኛሉ» ካሉ ነገሩ በዚያው ይቀራል። በጣና ውስጥ እንዳለው እንደ ደቅ ባለ ደሴት ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙሽራ ፍለጋ በደንገል ታንኳ መሻገር ግድ ይሆናል። ውኃው ያጠረውን ሰው ሰባት ቤት ያሻግረዋል። ሽማግሎቹ ከሩቅ አገር ሲመለሱም በቅሎዋ ልጓሟን እያኘከች ወደ ተወለደችበት ደጅ ትስብ ነበር፤ ምሳሌውን ያገኙት ከእርሷ ይመስለኛል። ሰውም ወደ ወገኑ መሳቡን ስላወቁ ሰባት ቤትን ልጓም አደረጉለት።

የዘረ መል ተመራማሪዎችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም፤ ውኃ ወይም ተራራ የለያቸው፣ አለዚያም በመናናቅ እርስ በርስ ብቻ የሚጋቡ ጥቂት ሰዎች በትውልድ ብዛት የዘረ መል ብዝኃነታቸው እየጠበበ ይሄዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ የአሪ ሕዝብ ብረት ቀጥቃጮች ከአሪ ገበሬዎች የተለየ ምንጭ ያላቸው፣ የቀደምት አዳኞች ቅሪት ናቸው ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንደ ወጡና ልዩነቱን ያመጣው የቀጥቃጮቹ መገለል እንደ ሆነ አሳየ። እኛም ብንሆን አንኩራራ፤ ታንኳውን እየሠሩ ያሻገሩንን የጣና ዳር ሰዎች፣ ነገደ ወይጦን፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ ያገባቸው አልነበረም።

ወደ ሰውዬው ልመለስና፣ «እርስዎ እስከ ስንት ቤት ይቆጥራሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው ከሦስተኛው አላለፉም። አያቴ ቢኖሩ እኒህን ሰው ለሽምግልና ባልላኳቸው ነበር።