ለፖለቲካዊ ጥቃት ድጋፍ መስጠት ምንድን ነው? ከጠባይ ነው ወይስ ከይሉኝታ?

የተቃራኒው ወገን ፖለቲከኛ ተደበደበ የሚል ዜና ይሰማል። አንዱ «እሰይ! የእጁን አገኘ» ይላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው፣ ያንኑ ፓርቲ የሚደግፍ ጓደኛው ደግሞ ፊቱን አጨማድዶ ዝም ይላል። ሁለቱም ማንንም አልመቱም። የመጀመሪያው ሰው ስሜት ግን ስም አለው፤ ለፖለቲካዊ ጥቃት ድጋፍ መስጠት ይባላል። ለፖለቲካ ዓላማ ሲባል ሰውን መጉዳት፣ ማስፈራራት ወይም ንብረት ማውደም ተገቢ ነው ብሎ ማመን ማለት ነው። ከማመን እስከ ማድረግ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ አብዛኛው ሰው አይጨርሰውም። የሚጨርሱት ጥቂቶች ግን ጭብጨባውን የሚሰሙት ከእነዚሁ ካልጨረሱት ነው።

ድጋፉ ከየት ይመጣል ሲባል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በጠባይ ላይ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። አርኖልድ ባስና ማርክ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያዘጋጁት መጠይቅ የሰውን ቁጣ፣ ጥላቻ፣ የአፍና የእጅ ጠበኝነት ለየብቻ ይመዝናል። ፌሊሺያ ፕራቶና ጂም ሲዳኒየስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1994 ያወጡት ሌላ መለኪያ ደግሞ «አንዱ ቡድን ከሌላው በላይ መሆን አለበት» የሚለውን ዝንባሌ ይለካል። የፖለቲካ ተመራማሪው ኔተን ካልሞ በ2014 ባሳተመው ጥናት ለአሜሪካውያን የምርጫ ቅስቀሳ አሳየ፤ አንዱ ቅስቀሳ እንደ «እንፋለማለን» ባሉ ቃላት የተሞላ፣ ሌላው ለስለስ ያለ። የፍልሚያው ቋንቋ ለጥቃት የሚሰጠውን ድጋፍ ከፍ ያደረገው በተለይ ከመነሻውም ጠበኛ በሆኑት ዘንድ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው ነው፤ ብቅሉ ንግግሩ ነበር።

ጠባይ ግን ብዙ አያስኬድም። የሽብር ተመራማሪዋ ማርታ ክሬንሾ በ1981 ስለ ሽብር መንስኤዎች ስትጽፍ የሽብርተኞች ጎላ ያለው የጋራ መለያ ጤናማ፣ ተራ ሰው መሆናቸው ነው ብላ ነበር። ቁጡ ሰው በየቤቱ አለ፤ ድንጋይ የሚያነሳው ግን ከስንት አንዱ ነው። ቀሪው ምላሽ ያለው በቡድኑ ያልተጻፈ ደንብ ውስጥ ነው።

ለዚህ አማርኛ ከማንኛውም የጥናት ቃል የተሻለ ቃል አለው፦ ይሉኝታ። «ምን ይሉኛል?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ጊዜ ልጓም ነው፤ እጃችንን የሚይዘው እሱ ነው። ነገር ግን ጥቃት የሚሞገስበት፣ ያልተሳተፈው ፈሪ ወይም ከሃዲ የሚባልበት ቡድን ውስጥ ያው ይሉኝታ አለንጋ ይሆናል። በጠባዩ ለስላሳ የሆነውን ሰው ሳይቀር ወደፊት ይነዳዋል።

ጠባይና ይሉኝታ እንዴት እንደሚገናኙ እንደ ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር ጥርት አድርጎ ያሳየ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሐሳብ ይህን ይመስላል። መቶ ሰዎች አደባባይ ላይ ቆመዋል። እያንዳንዱ የየራሱ ደፍ አለው፤ ደፉን ለመሻገር ስንት ሰው ቀድሞት ሲሻገር ማየት እንዳለበት የሚወስን ቁጥር ነው። የአንደኛው ደፍ ዜሮ ነው፤ ማንንም ሳይጠብቅ ድንጋይ ይወረውራል። የሁለተኛው አንድ ነው፤ እሱን አይቶ ይከተላል። የሦስተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠና ዘጠኝ። ሁሉም ተራ በተራ ይገባሉ፤ ከተማው ይቃጠላል። አሁን ደፉ አንድ የነበረውን ሰው ብቻ አውጥተን ደፉ ሁለት በሆነ ሰው እንተካው። የመጀመሪያው ይወረውራል፤ የሚከተለው የለም፤ ሁከቱ እዚያው ያበቃል። የሁለቱ ሕዝቦች ጠባይ በአማካይ ቢታይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንዱ ቦታ ግን አመፅ፣ ሌላው ቦታ አንድ የተሰበረ መስኮት።

ደፉን የሚያሻግረው ደግሞ ሌሎች በእርግጥ የሚያስቡት ሳይሆን እኛ «እንዲህ ያስባሉ» ብለን የገመትነው ነው። ያ ፊቱን አጨማድዶ ዝም ያለው ጓደኛ ዝምታው እንደ እሺታ ተቆጥሮለታል። ስለ ባላንጣ ያለው ግምትማ ከዚህም ይብሳል። በ2022 ጆሴፍ መርኒክና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት የሁለቱ ዋና ዋና የአሜሪካ ፓርቲዎች ደጋፊዎች ተቃራኒው ወገን ለጥቃት የሚሰጠውን ድጋፍ ከእውነተኛው ከ245 እስከ 442 በመቶ አጋንነው ገመቱ። ትክክለኛው ቁጥር ሲነገራቸው የራሳቸውም ድጋፍ ቀነሰ፤ ለውጡም አንድ ወር ገደማ ቆየ። «እነሱ ሊመቱን ነው» የሚለው ግምት ለካ የራስን ቡጢ ሲያጠነክር ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚያው ዓመት ሾን ዌስትዉድና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ጥያቄውን በቅጡ ሳያነቡ የሚመልሱ ሰዎችና ግልጽ ያልሆኑ ጥያቄዎች የደጋፊውን ቁጥር ያሳብጡታል። ስለዚህ «ከሕዝቡ ይህን ያህሉ ጥቃትን ይደግፋል» የሚል ርዕስ ሳይ፣ ቁጥሩን ከማመኔ በፊት ጥያቄው እንዴት ተጠየቀ እላለሁ። የተጋነነ ቁጥር ራሱ ያንኑ የተሳሳተ ግምት ይመግባል።

ደንብ ከተለወጠ ሰው ይለወጣል ወይ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ ይህን የፈተነችው ሩዋንዳ ውስጥ፣ ከዘር ጭፍጨፋው አሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። አንዳንድ መንደሮች ስለ እርቅ የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት ሲያዳምጡ ሌሎቹ የጤና ድራማ አዳመጡ። በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት የእርቁን ድራማ የሰሙት ሰዎች የግል እምነት እምብዛም አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው «እዚህ አካባቢ ተቀባይነት ያለው ምንድን ነው» የሚለው ግንዛቤያቸው ነው። መጨረሻ ላይ ለየመንደሩ አንድ ቴፕ ሬዲዮ በስጦታ ተሰጠ። የጤናውን ድራማ የሰሙት ብዙውን ጊዜ ባለሥልጣኑ ይያዘው ብለው ነገሩን ቶሎ ዘጉት። የእርቁን የሰሙት ግን ተከራከሩ፤ በጋራ እንያዘው የሚል ድምፅም ተሰማ።