«ከእርስዋ ጋር አብሬ እንዳረጅ»

በቅርቡ የጋብቻቸውን 40ኛ ዓመት በጸሎት ሊያስቡ የጠሩን አንድ አባትና እናት ቤት ነበርሁ። ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ተሰብስበዋል። ጸሎት ሊጀመር ሲል አባታችን እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ምንም አልተናገሩም፤ ወደዚያም አልዞሩም። እናታችን መነጽሩን ከማኅደሩ አወጡ፣ በልብሳቸው ጫፍ ወለወሉት፣ በተዘረጋው እጅ ላይ አኖሩት፤ መዝሙረ ዳዊቱንም ገልጠው ከፊታቸው አስቀመጡላቸው። አባታችንም መነጽሩን አድርገው በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ፥ ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ» ብለው አነበቡ።

ከዚያ ረጅም ምስጋና አቀረቡ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ከስንት መከራ ስለ መውጣታቸው፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ወዳጅ ዘመዱ አመሰገኑ። መነጽሩን ያቀበለችው እጅ ግን በዚያ ሁሉ ምስጋና መካከል አልተነሣችም። እናታችን አንገታቸውን ደፍተው በየመሐሉ «አሜን» ይላሉ።

እኒህን አባት የማውቃቸው በቸርነታቸው ነው። ለተቸገረ እጃቸው አይታጠፍም፤ ከቤተ ክርስቲያንም አይጠፉም። ልቤን ያሳዘነውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑማ ነገሩ ባልገረመኝ። ከዚያ ቤት ወጥቼ ከብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አንዱን፣ መጽሐፈ ጦቢትን አነበብሁ፤ ስለ ትዳር ሳስብ ሁልጊዜ የምመለስበት መጽሐፍ ነው።

ጦቢትም ቸር ሰው ነበር። የተራቡትን ያበላል፣ የታረዙትን ያለብሳል፣ በሜዳ የወደቀውን ሬሳ አንሥቶ ይቀብራል። ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ሚስቱ ሐና ለሰው እየሠራች በምታገኘው ደመወዝ ቤቱን ትደግፍ ጀመር። አንድ ቀን ያሠሯት ሰዎች ከደመወዝዋ በላይ የፍየል ጠቦት ሰጥተዋት ወደ ቤት ገባች። ማየት የተሳነው ጦቢት የጠቦቱን ጩኸት ሰማና «ይህ ከየት መጣ? የተሰረቀ እንዳይሆን፤ ለባለቤቱ መልሺ» አላት። ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም። ሐናም «ምጽዋትህ የት አለ? ጽድቅህስ የት አለ?» ብላ መለሰችለት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ ደክማ የመጣች ናት። እርሱ የሚበላው ከእጅዋ ነው። «እንኳን ደኅና ገባሽ» እንዲላት በተገባበት ሰዓት ሌባ ተባለች። ለማያውቀው ሬሳ የራራው ያ ልብ በደጁ ለገባችው ሚስቱ ጠበባት። ጦቢት ከዚህ በኋላ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱን በምዕራፍ 3 አንብቡት። ስለ ኃጢአቱ ይለምናል፣ እንዲሞትም ይለምናል፤ የሰማውን የሐሰት ስድብም ለእግዚአብሔር ይነግራል። እርሱ ለሐና የተናገራትን ቃል ግን አያነሣም። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ስንት ጊዜ እንዲህ ጸልየን ይሆን እላለሁ። የተነገረንን ቃል በቃል እንቆጥራለን፤ የተናገርነውን «በማወቅም ባለማወቅም» በምትለው ውስጥ ጠቅልለን እናልፈዋለን።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተ ልናገር። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሚስቶቻችሁን አክብሩ ሲል ምክንያቱን ጨምሮ ነው፤ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል»። ጸሎት ይከለከላል ማለት ነው! በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ተጽፎ ሳለ፣ ጸሎታችን ስላልተሰማበት ምክንያት ስንመራመር ይህን ቁጥር ለምን እንዘለዋለን? በሚልክያስ ዘመን የነበሩት የእግዚአብሔርን መሠዊያ በእንባ ከድነውት ነበር። ቍርባናችን ለምን አልተወደደም ብለው ሲጠይቁም፣ እግዚአብሔር በአንተና በልጅነትህ ሚስት መካከል ምስክር ስለሆነ ነው ተባሉ። ነቢዩ የተቈጣው ሚስቶቻቸውን በከዱት ላይ ነው፤ እኔ ግን አብሮ እየኖሩ መርሳትም የክዳት ታናሽ ወንድም ይመስለኛል። «የልጅነትህ ሚስት» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዛሬ ጠጕርዋ የሸበተው፣ ጉልበትዋ የደከመው ሴት ያቺው ናት።

«በልቤ አመሰግናታለሁ፤ እርስዋም ታውቃለች» የሚል አለ። ለእግዚአብሔርስ ልባችንን እያወቀ በከንፈራችን እናመሰግነው የለምን? በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ልጆችዋ ተነሥተው ምስጋናዋን ይናገራሉ፤ ባልዋም ያመሰግናታል፤ በአፉ፣ ልጆቹ እየሰሙ። እኅቶችም ይህ ያገኛችኋል፤ ደክሞ ለገባ ባል የዕለቱን ጉድለት በመቍጠር በር የምትከፍት ሚስት አለች።

አንድ ነገር ግን ልለይ። በቤትዋ የምትደበደብን ሴት «በሁሉ አመስግኑ» ተብሏልና አመስግነሽ ቻዪ የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ጳውሎስ ያንን የጻፈው ዱላን ለመባረክ አይደለም። እንዲህ ያለች እኅት ከሚመታት እጅ ርቃ ራስዋንና ልጆችዋን ብታድን ምስጋና ቢስ አትባልም።

በመጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 7 እና 8 የጦቢት ልጅ ጦብያ የራጉኤልን ልጅ ሣራን ያገባል። ከእርሱ በፊት ያገቧት ሰባት ወንዶች በሠርጋቸው ሌሊት ሞተዋል። ጦብያ ይህን እያወቀ ገባ። በሩ ከተዘጋ በኋላ «እኅቴ፣ ተነሽ፤ እንጸልይ» አላት። ጸሎቱን የጀመረው እግዚአብሔርን በመባረክ ነው፤ የአባቶቻችን አምላክ ሆይ ቡሩክ ነህ ብሎ። ለመትረፉ ገና ምንም ዋስትና ሳይኖረው አመሰገነ። በመጨረሻም ምሕረትን ለመነ፣ ከዚህች ሴት ጋር አብሮ እንዲያረጅም ለመነ። እርስዋም አብራው «አሜን» አለች። በዚያው ሌሊት አማቱ ራጉኤል ይህም ይሞታል ብሎ ከውጭ መቃብር ይቆፍር ነበር።

በትዳር 30 እና 40 ዓመት የቆያችሁ ሁሉ፣ ጦብያ በዚያ ሌሊት እየተንቀጠቀጠ የለመነውን እናንተ በእጃችሁ ይዛችሁታል። አጠገባችሁ የሚያስለው፣ የነገራችሁን ነገር ደግሞ የሚነግራችሁ፣ ሌሊት እየተነሣ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ያ ሰው የጦብያ ልመና መልስ ነው። ስንቱ ይህን ለምኖ አላገኘም። የትዳር ጓደኛውን ቀብሮ ባዶ አልጋ አጠገብ የሚጸልይ ወንድም ይህን ሲያነብብ የሚሰማውን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናናህ፤ አብራችሁ ያላችሁት «አሜን» በፊቱ አለ።

አንቺም እናቴ፣ መነጽር የምታቀብዪው፣ ምስጋናው ሲቆጠር ስምሽ የማይነሣው፣ ስለ ሐና ልንገርሽ። ልጅዋ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አለቀሰች፤ ጦቢትም «እኅቴ፣ አትጨነቂ» አላት። ሌባ ባላት አፉ «እኅቴ» አላት። ልጁ ሲዘገይበትም «ዝም በይ፣ ደኅና ነው» ሲላት «አታታልለኝ» ብላ መለሰችለት፤ በየቀኑም እየወጣች መንገዱን ትመለከት ነበር። መጽሐፉ ድካምዋንም ቍጣዋንም ሰውሮ አላለፈውም፤ ጽፎታል። በስውር የሚያይ አባትሽም የወለወልሽውን መነጽር ሁሉ አይቷል።

ጦቢትስ? ሞትን በለመነበት በዚያው ቀን ልጁን ጠራና አደራ ሰጠው። በሩቅ አገር በአደራ ስላስቀመጠው ገንዘብ ከመናገሩ አስቀድሞ ስለ ሐና ተናገረ። እናትህን አክብር፤ ገና በማኅፀን ሳለህ ስለ አንተ ብዙ ጭንቅ እንዳየች አስብ፤ በሞተችም ጊዜ በእኔ አጠገብ በአንድ መቃብር ቅበራት አለው። ከጠቦቱ ጠብ በኋላ የተናገረው ነው። ጦቢትም ሸምግሎ ሞተ። ሐናም በሞተች ጊዜ ጦብያ እናቱን ከአባቱ ጋር ቀበራት።