የፓርላማ የአሠራር ሥርዓት፦ ከምልዓተ ጉባኤ እስከ አናሳው ወገን መብት

የፓርላማ የአሠራር ሥርዓት ተመራጮች የሚሰበሰቡበት፣ የሚከራከሩበትና የሚወስኑበት ደንብ ነው። መሠረቱ ብዙ ጊዜ በሕገ መንግሥት ይጣላል፤ ዝርዝሩን ግን ምክር ቤቱ ራሱ ያወጣል። በኢትዮጵያም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 59 ይህንኑ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል።

በኢትዮጵያ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ስብሰባ ለማካሄድ መገኘት ያለበት ትንሹ የአባላት ቁጥር፣ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። 547ቱ መቀመጫዎች ሁሉ ቢያዙ 274 ሰው ማለት ነው። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ስለሚተላለፍ፣ በዚህ ቁጥር የተጀመረ ስብሰባ 138 ድምፅ ካገኘ ለመላው አገር የሚሠራ አዋጅ ሊያጸድቅ ይችላል። ይህ ያነሰ የሚመስለው ካለ፣ በሕንድ ከአባላቱ አንድ አሥረኛው፣ 650 መቀመጫ ባለው በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ድምፅ ሲሰጥ 40 ሰው ይበቃል።

አፈ ጉባኤው የመናገር ዕድል የሚሰጠውም የሚከለክለውም እርሱ በመሆኑ ገለልተኛነቱ ብርቱ ጉዳይ ነው። የእንግሊዙ አፈ ጉባኤ ሲመረጥ ከፓርቲው ይለቃል፤ ድምፅ የሚሰጠውም ድምፁ እኩል ሲከፈል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ግዴታ አልጣለም።

በኢትዮጵያ ረቂቅ ሕግ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ይመረመራል፣ ከውሳኔ ሐሳብ ጋር ይመለሳል። ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። ስብሰባው በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተወካዩም በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ አይከሰስም።

በእኔ ግምት የአንድ ምክር ቤት ደረጃ ከሁሉ በፊት የሚለካው አናሳው ወገን አብላጫው ያልወደደውን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ በመቻሉ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ እንደሚወያይ ይደነግጋል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከ547 አንድ ሦስተኛው 183 ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ ባሸነፉበት ጊዜ እንኳ፣ ለብቻቸው ይህ ቁጥር አይሞላላቸውም ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ መቀመጫዎቹን በሙሉ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ስለወሰዱ አንቀጹን የሚጠቀምበት ተቃዋሚ አልነበረም።

ጀርመንም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟታል። በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 44 መሠረት ከቡንደስታግ (ከጀርመን ፓርላማ) አባላት ሩቡ ከጠየቁ ምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ማቋቋም ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ሁለቱ ትልልቅ ወገኖች በጥምረት መንግሥት ሲመሠርቱ፣ ለተቃዋሚዎቹ ከ631 መቀመጫ 127 ብቻ ቀረ፤ ይህም ከሩብ በታች ነበር። ቡንደስታግ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሠራር ደንቡን አሻሽሎ 120 አባላት ምርመራ መጠየቅ እንዲችሉ አደረገ። ማሻሻያው የወጣው ለዚያ የምክር ቤት ዘመን ብቻ ነበር።