የፎቶ ኮምፕሬሽን ምንድን ነው?

ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ነጥብ) ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ስለሚፈልግ ፎቶው እንዳለ ቢጻፍ 36 ሜጋባይት ይወጣዋል። ስልካችን ላይ ግን ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ያደረገው ኮምፕሬሽን ነው፦ ያንኑ ምስል በጥቂት ባይት መልሶ መጻፍ።

አጻጻፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምንም አይጥልም። ፒኤንጂ (PNG) የተባለው የፋይል ዓይነት እንዲህ ነው፤ ሎጎ ላይ ያለውን ነጭ ጀርባ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ» እያለ ከመደርደር የተደጋገመውን ባጭሩ ይጽፋል፣ ሲከፈትም አንድ ፒክስል አይዛነፍም። ሁለተኛው፣ ጄፔግ (JPEG)፣ ይጥላል። የሚጥለው ግን መርጦ ነው።

ዓይናችን የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ በቀለም ላይ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ጄፔግ መጀመሪያ ብርሃንና ጥላውን ከቀለሙ ይለያል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ የቀለሙን ክፍል በወርድም በቁመትም በግማሽ ያሳንሰዋል። ይህ ብቻውን ከሚጻፈው ቁጥር ግማሹን ያስቀራል፤ ፎቶውን የሚያየው ሰው ልብ እንኳ አይልም። ቀጥሎ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ካሬ 64 ፒክስሎች ወደ ሌሎች 64 ቁጥሮች ይቀይራል። የመጀመሪያው ቁጥር የካሬውን አማካይ ይይዛል፣ ቀጣዮቹ ዝግ ያለውን ለውጥ፣ የመጨረሻዎቹ እንደ ፀጉርና ሣር ያለውን ደቃቅ ዝርዝር። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በትልቅ ቁጥር ተካፍለው ሲጠጋጉ አብዛኞቹ ዜሮ ይሆናሉ፤ የዜሮ ሰልፍ ደግሞ ባጭሩ ይጻፋል። ፎቶ ስታስቀምጡ «ጥራት 80» የሚለው ምርጫ የሚወስነው ይህንኑ አካፋይ ነው። መቶኛ አይደለም፤ የአንዱ ፕሮግራም 80 ከሌላው 80 ጋር ላይገጥም ይችላል።

ካሬዎቹን ወደ ሌሎች ቁጥሮች የሚቀይረው ሒሳብ ባለቤት ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው መሐንዲስ ናሲር አህመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ ቢጠይቅ ሐሳቡ በጣም ቀላል መስሎ ታየና ተከለከለ። እሱ ግን ሥራውን ቀጥሎ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1974 አሳተመው። የጄፔግ ደረጃ በ1992 ሲወጣ የተገነባው በዚሁ ላይ ነው።

ጄፔግ የሚያስቸግረው ጽሑፍ ላይ ነው። ጥቁር ፊደል ነጩን ጀርባ በሚነካበት ጠርዝ ለውጡ ድንገተኛ ስለሆነ እነዚያኑ የሚጣሉትን ደቃቅ ቁጥሮች ይፈልጋል። ሲጣሉ በፊደሉ ዙሪያ ግራጫ ብናኝ ይበተናል። በእኛ ፊደል ጉዳቱ ይብሳል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፣ በትንሽ ጽሑፍ ላይ ጭረቷ ስትደበዝዝ ማንበቡ ግምት ይሆናል። ስለዚህ ስክሪንሾት፣ ሎጎና የዋጋ ዝርዝር በፒኤንጂ ይቀመጥ። (የሁለት ገጽ ማስታወቂያ ፎቶ ተደርጎ መለጠፉ ግን በየትኛውም ፎርማት አይዋጥልኝም፤ ኮፒ ለማድረግ አይመች፣ ዳታ ይበላ።)

ከዚህ ሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቀላሉን ነገር ነው፦ ስፋቱን። ጥራቱን ከ90 ወደ 60 እያወረደ ፎቶውን ሲያበላሽ 4000 ፒክስሉን አይነካውም። ገጹ ላይ ፎቶው የሚታየው በ800 ፒክስል ስፋት ከሆነ፣ ስክሪናቸው የጠራ ስልኮችን አስበን እጥፍ ብናደርገው እንኳ 1600 ይበቃል። ስፋቱ ወደ 1600 ሲወርድ ቁመቱም አብሮ ወርዶ የፒክስሉ ብዛት ከ12 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በ75 ወይም በ80 ጥራት ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይሆናል። ባለ 4 ሜጋባይት ፎቶ አሥር የተደረደረበት ገጽ 40 ሜጋባይት ነው፤ ሜጋባይት እየቆጠረ ፓኬጅ የሚገዛ አንባቢ ግማሹን ሳያይ ይዘጋዋል። ፎቶውን በገጹ ኮድ ማጥበብም አያድንም፤ ብሮውዘሩ ሙሉውን ፋይል አውርዶ ነው አሳንሶ የሚያሳየው።

ዌብፒ (ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው) እና በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ የተባሉት ፎርማቶች ለተቀራራቢ ጥራት ከጄፔግ ያነሰ ፋይል ይሰጣሉ፤ የዛሬ ብሮውዘሮችም ይከፍቷቸዋል። ለመሞከር ስኩሽ (Squoosh) የተባለው ነፃ መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ፎቶውን የትም ሳይልክ እዚያው ብሮውዘራችሁ ውስጥ ያሳንሰዋል፣ የበፊቱንና የአሁኑንም ጎን ለጎን ያሳያል። ፎቶው የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። የሚይዘው ባይት ጥቂት ነው፤ የቤታችሁን አድራሻ ግን ሊያወጣ ይችላል።

የምታሳንሱት ቅጂውን ይሁን። ጄፔግ ተስተካክሎ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይጥላል፣ የተጣለውም አይመለስም፤ ነገ ያንኑ ፎቶ ለባነር ማሳተም ብትፈልጉ 1600 ፒክስሉ አይበቃችሁም።