የጭቃና የድንጋይ ጎርፍን በሴንሰርና በጂፒኤስ መከታተል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኃይለኛ ዝናብ የጠጣ አፈር ከድንጋይና ከግንድ ጋር ተደባልቆ በተራራ ሸለቆ ሲወርድ በሰከንድ 10 ሜትር ሊፈጥን ይችላል። ሮጦ ማምለጥ አይቻልም፤ የሚያድነው ቀድሞ ማወቅ ነው። ቀድሞ ለማወቅ በሚተከሉት መሣሪያዎች ላይ ግን ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ።

«ሳተላይቱ ተራራውን ከላይ ያያል።»
የጂፒኤስ ሳተላይት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የሰዓትና የምህዋር መረጃ ያሰራጫል እንጂ መሬቱን አያይም። ቦታን የሚያሰላው ተራራው ላይ የተተከለው መቀበያ ነው። ውጤቱን መንደር የሚያደርሰው ደግሞ ሌላ ሬዲዮ ነው። የቻይናው የሳተላይት ቦታ መጠቆሚያ ቤይዱ ግን አጭር መልእክትም ስለሚያስተላልፍ በዚህ ይለያል።

«ተራ ጂፒኤስ ይበቃል።»
የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል፤ ተዳፋት ከመናዱ በፊት የሚንቀሳቀሰው ግን በሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ንባቡም በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ማጣቀሻ ጣቢያ ጋር ይነጻጸራል። ጣቢያው የማይነቃነቅ አለት ላይ መቆም አለበት። ራሱ በሚንሸራተት አፈር ላይ ከተተከለ የሁሉም ነጥቦች ንባብ ይዛባል። ገደል አጠገብ የተተከለ አንቴናም ከግድግዳው ነጥሮ የሚመለስ ሲግናል እየተቀበለ ያልተንቀሳቀሰውን መሬት ተንቀሳቀሰ ይላል።

«ጎርፉ ሲነሳ ጂፒኤሱ ይነግረናል።»
ጂፒኤስ የሚያሳየው ጎርፉ የሚነሳበት አፈር ቀስ እያለ መሸሹን ነው። የወረደውን ጎርፍ የሚይዙት የመሬት ንዝረት የሚለካው ጂኦፎንና ጎርፉ ከሚወርድበት ቦይ በላይ ተሰቅሎ የጎርፉን ከፍታ የሚለካው ራዳር ናቸው። በስዊዘርላንዱ ኢልግራበን ሸለቆ ጂኦፎኖች የተገጠሙት ቦዩን አቋርጠው በተሠሩ ግድቦች ላይ ነው። ንዝረቱ በአስሮች ሄርዝ ስለሚቆጠር፣ ማለትም በሰከንድ አስሮች ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ በሰከንድ አንዴ መለካት ምንም አይዝም፤ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። ቦዩን አቋርጦ የሚወጠርና ጎርፉ ሲበጥሰው የሚያስጠነቅቅ ሽቦ ርካሽ ነው። ሆኖም ከብት ወይም የተንከባለለ ድንጋይም ይበጥሰዋል፤ አንዴ ከተበጠሰ ደግሞ እስኪጠገን ድረስ አይሠራም። አንድ መሣሪያ ብቻውን ሳይረን እንዲያስነሳ መፍቀድ ሰው ማንቂያውን እንዲንቅ ማድረግ ነውና ሁለት ሴንሰሮች ይስማሙ።

«በየ15 ደቂቃው መረጃ ቢልክ በቂ ነው።»
በጣም አደገኛው ስህተት ይህ ነው። ሴንሰሩ ከመንደሩ 2 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ቢሆንና ጎርፉ በሰከንድ 10 ሜትር ቢወርድ ያለው ጊዜ 200 ሰከንድ ነው፤ መረጃው ሲደርስ መንደሩ ተጥለቅልቋል። ስለዚህ ሴንሰሩ እዚያው አስልቶ፣ የአደጋው ገደብ ሲታለፍ በዚያችው ሰከንድ ማንቂያ ይላክ። የ15 ደቂቃው መልእክት ለመሣሪያው ባትሪና ጤንነት ምርመራ ብቻ ይዋል። ሎራ የሚባለው በትንሽ ኃይል ርቆ የሚልክ ሬዲዮ ጥቂት ባይቶችን ብቻ ስለሚሸከም ሙሉውን የንዝረት መረጃ በእሱ መላክ አይሞከር። የሸለቆ ጥምዝም ሲግናሉን ይከልላልና ሸንተረሩ ላይ አቀባባይ ጣቢያ ይተከል።

«ሶላር ስላለው ኃይል አያልቅበትም።»
ጎርፉ የሚመጣው ፀሐይ በጠፋበት ክረምት ነው። 2 ዋት የሚበላ መቀበያ በቀን 48 ዋት ሰዓት፣ በ10 ደመናማ ቀን 480 ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተደረገ 600 ያህል ይሰጣል፤ ከዚህ ያነሰ አይገጠም።

«የመጀመሪያው ካለፈ አደጋው አልፏል።»
እንዲህ ያለ ጎርፍ በተደጋጋሚ ማዕበል ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ነበር። እዚያም በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ተቀብረዋል፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ጂኦፎኑ ጸጥ ስላለ ብቻ ማንቂያው አይሰረዝም። ዝናቡ መቆሙ፣ ከላይ ያሉት የጂፒኤስ ነጥቦች መርጋታቸውና የተበጠሰው ሽቦ መተካቱ ይረጋገጥ፤ እስከዚያው ቁፋሮ የሚገባ ሰው ሽቅብ የሚያይ ጠባቂና ሳይረን ይኑረው።