የእሑድ ጠረጴዛ፦ ባለ አንድ ጠረጴዛ የፖከር ውድድር በየካ አባዶ

ባለ አንድ ጠረጴዛ የፖከር ውድድር ማለት ዘጠኝ ወይም አስር ሰው እኩል መግቢያ ከፍሎ፣ እኩል ቺፕስ (በብር ፈንታ የሚቆጠር መጫወቻ) ይዞ የሚቀመጥበትና አንዱ የሁሉንም ቺፕስ ጠቅልሎ እስኪበላ የሚቀጥል የካርታ ጨዋታ ነው። ወንበሩ ሲሞላ ይጀመራል። የተበላ ሰው ዳግም ከፍሎ አይገባም፤ ተነስቶ ቡና ያፈላል ወይም ቤቱ ይሄዳል። በሌላው ዓለም ስሙ «ሲት ኤንድ ጎ» ነው። ከመገናኛ በኮተቤና በካራ አልፎ በሚደረስበት በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግን «የእሑድ ጠረጴዛ» ይሉታል፤ ሚስቶቻችን ደግሞ «የእሑድ እቁብ» ይሉታል፣ ዕጣው ለምን ሁልጊዜ ለሌላ ሰው እንደሚወጣ እየጠየቁ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር ከዜሮ መናገር ስለሰለቸን ነው። የተመሠረተውም በጠረጴዛው የውጤት ደብተርና ጨዋታውን ባጠኑት የውጭ ሰዎች ሒሳብ ላይ ነው።

አመጣጥ

የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፣ መሃል ላይ አምስት ካርታ በሦስት ዙር ይገለጣል፣ ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያለው ይበላል። የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የጨዋታው የትውልድ ቦታ ሮብስታውን የምትባል ከተማ ናት ብሎ እውቅና ሰጥቷል። የዓለም ፖከር ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በላስ ቬጋስ ነው። ጨዋታውን በየሰው ቤት ያስገባው ግን የ2003ቱ ውድድር ነው። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ ሰው በኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ባሸነፈው ማጣሪያ ገብቶ፣ ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሰውየው ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የእኛን ደብተር የሚይዙትም ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ይህን ነገር ሳያነሱ የሚያልፉበት እሑድ የለም።

በአባዶ ከዚያ በፊት የነበሩት የካርታ ጨዋታዎች ኮንከርና ክሬዚ ናቸው።

ጠረጴዛውን ማን እንደጀመረው ሁለት ወሬ አለ። አንዳንዶች ከውጭ የተመለሰ ጎረቤት አስተማረን ይላሉ። ትክክለኛው ግን በስልክ መተግበሪያ የተማሩ ሁለት የአንድ ብሎክ ልጆች መብራት በጠፋ ማታ፣ ስልካቸው ባትሪ ሲጨርስ፣ በእውነተኛ ካርታ መቀጠላቸው ነው። ሁላችንም አባዶ የገባነው በዕጣ ስለሆነ በዕድል ጨዋታ የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም፤ ጠረጴዛው ቶሎ ሞላ።

ቁሳቁስና ደንብ

ቦታው ኮሚናል ነው፣ ማለትም ለድግስና ለእርድ የተሠራው የነዋሪዎች የጋራ ቤት። ሠርግ ወይም ለቅሶ ካለ ጠረጴዛው ይሰረዛል፤ ይህ ደንብ አከራክሮ የማያውቅ ብቸኛ ደንብ ነው። መግቢያው 50 ብር ሲሆን ለቡናና ለሻማ 5 ብር ይታከላል። ዘጠኝ ሰው ሲሞላ 450 ብር ይሰበሰባል፤ 1ኛ 225፣ 2ኛ 135፣ 3ኛ 90 ብር ይወስዳሉ፤ ግማሽ፣ ሠላሳ በመቶ፣ ሃያ በመቶ ማለት ነው። ለአዘጋጅ የሚቆረጥ ነገር የለም። በአገራችን የዕድል ጨዋታ አዘጋጅቶ ለመነገድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛው የጎረቤት መጫወቻ ነው፣ ማንም አይተዳደርበትም። አምስቷን ብር ጥብቅ ሒሳብ የሚወድ ሰው ኮሚሽን ሊላት ይችላል። ቡናውን እኛው ስለምንጠጣው አንላትም።

ቺፕሱ ቆርኪ ነው። ሐሳቡ ከዳማ የመጣ ነው፤ በየመንደሩ ዳማ የሚጫወት ሰው አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ፣ ሌላው አቅንቶ እንደሚደረድረው። እዚህ ግን መለያው መጠጡ ነው። የለስላሳ ቆርኪ 25፣ የቢራ 100፣ የአምቦ ውሃ 500። አንድ ሰው ሲቀመጥ ሁለት የአምቦ፣ አራት የቢራ፣ አራት የለስላሳ ይቀበላል፤ ድምሩ 1500። አንድ ጊዜ የፕላስቲክ ቺፕስ በስጦታ መጥቶልን ነበር፤ ድምፁ አልጣመንም።

የግዴታ ውርርዱ፣ ማለትም ብላይንዱ፣ 25 እና 50 ብሎ ይጀምርና በየ12 ደቂቃው ከፍ ይላል፦ 50 እና 100፣ 75 እና 150፣ 100 እና 200፣ 150 እና 300፣ 200 እና 400፣ እያለ። ሰዓት የሚቆጥረው ስልክ ነው። ሲጮህ የተጀመረው እጅ፣ ማለትም አንዱ እደላ፣ በነበረው ብላይንድ ያልቃል፣ ቀጣዩ በአዲሱ ይታደላል።

መጀመሪያው ሰዓት

በአባዶ የአብዛኛው ተጫዋች ጠባይ ከኮንከር የወጣ ነው፤ ካርታ መጣል ያመዋል። ሁለት የማይረባ ካርታ ይዞ «ላየው ብቻ» ይላል፣ ያያል፣ ይበላል… ማለቴ ይከፍላል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ትምህርት ማስፈራራትን መተው ነው። ካርታ የማይጥልን ሰው በባዶ እጅ ማስፈራራት አይቻልም። የሚሻለው ካርታ ሲኖር ሳይሽኮረመሙ ማስያዝ ነው፤ «ላየው» የሚል ሰው ውድ ከፍሎ ይይ።

ብላይንዱ 25 እና 50 እያለ 1500 ቺፕስ 30 ቢግ ብላይንድ (ከሁለቱ የግዴታ ውርርዶች ትልቁ) ነው፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ከአስር እጅ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን መጣል የተለመደ ነው። ሁለት ኤስ የሚመጣው በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው፤ እሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው እሑዱ ያልቅበታል። ትንንሽ ጥንዶች፣ ከሁለት እስከ ስድስት፣ የሚጠቅሙት በርካሽ ሲታዩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ሲገለጡ ሦስተኛው የሚመጣው ከስምንት ጊዜ አንዴ ገደማ ስለሆነ ካለህ ቺፕስ ከአስር አንድ በላይ አይከፈልባቸውም። መጨረሻ የሚናገር ሰው የሌሎቹን አይቶ ስለሚወስን ከአዳዩ ወንበር ብዙ ካርታ መጫወት ይቻላል፤ መጀመሪያ ከሚናገረው ወንበር ግን ጥሩ መስሎ የሚታይ ካርታም ይጣላል።

ይህ «የጥበቃ» አጨዋወት ይባላል። የፈሪ አጨዋወት ነው የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ግን ከጥበቃ ጋር ነው።

ቆርኪ ብር አይደለም

ሒሳቡ ይኸው። ሲጀመር የእያንዳንዱ ሰው 1500 ቆርኪ ዋጋ 50 ብር ነው። በመጀመሪያው እጅ ሁለት ሰው ሙሉውን ገፍቶ አንዱ ቢበላ 3000 ይሆንለታል። የ3000ው ዋጋ 100 ብር ይመስላል፤ አይደለም። ከጠቅላላው 13,500 ውስጥ ድርሻው ሁለት ዘጠነኛ ስለሆነ 1ኛ የመውጣት ዕድሉ 22.2 በመቶ፣ 2ኛ 19.4 በመቶ፣ 3ኛ 16.7 በመቶ ነው። በሽልማቱ ሲባዛ 91 ብር ከ25 ሳንቲም ይወጣል። የቀረው 8 ብር ከ75 የት ሄደ? እጃቸውን አጣጥፈው ለተቀመጡት ሰባት ሰዎች ተከፋፈለ። ስለዚህ በመጀመሪያው እጅ ሁሉንም ለመግፋት 50 በመቶ ዕድል አይበቃም፤ ወደ 55 በመቶ ያስፈልጋል።

የስሌቱ መንገድ ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው። ዴቪድ ሃርቪል እ.ኤ.አ. በ1973 የፈረሶችን 2ኛና 3ኛ የመውጣት ዕድል ለማስላት ያወጣውን ቀመር ሜሰን ማልመዝ በ1987 ለፖከር ውድድር አዋለው። የእያንዳንዱ ሰው 1ኛ የመውጣት ዕድል ከቺፕሱ ድርሻ ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳና 1ኛው እንደወጣ ተቆጥሮ ከቀሩት መካከል 2ኛው በዚያው ደንብ ይሰላል። ቀመሩ የተጫዋቹን ችሎታና ወንበሩን አያይም። ቢሆንም ከግምት ይሻላል።

ነገሩ የሚከርረው አራት ሰው ሲቀር ነው፤ ሦስቱ ይከፈላቸዋል፣ አንዱ ባዶውን ይሄዳል። አራቱም እኩል 3375 አላቸው እንበል። የእያንዳንዱ ዋጋ 112 ብር ከ50 ነው። ሁለቱ ተጋጭተው አንዱ ቢበላ 6750 ይዞ ዋጋው 172 ብር ከ50 ይሆናል። 60 ብር ለማግኘት 112 ብር ከ50 አስያዘ ማለት ነው። ለዚህ ወደ 65 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያስፈልጋል፣ ብላይንዱን ለጊዜው ብንተወው። ያልተጋጩት ሁለቱ ደግሞ ካርታ ሳይነኩ እያንዳንዳቸው ከ112 ብር ከ50 ወደ 138 ብር ከ75 ከፍ ይላሉ።

65 በመቶ ብዙ ነው። ኤስና ኪንግ ከክዊን ጥንድ ጋር ሲጋጭ ክዊኗ የምትበላው 57 በመቶ ገደማ ነው። ተቃራኒው ያገኘውን ካርታ ሳያይ እንኳ ቢገፋ ለመቀበል፣ ማለትም እኩል አስይዞ ለመጋጨት፣ የሰባት ጥንድ ያህል ያስፈልጋል፤ እሷም 66 በመቶ ገደማ ናት።

አንድ እሑድ ይህ በዓይናችን ታየ። አራት ሰው ቀርቷል፣ መብራት የለም፣ ሻማው ከካርታው ጎን ቆሟል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቆርኪውን በክንዱ ጠርጎ ወደ መሃል ገፋ። ከሱ ቀጥሎ የተቀመጡት ሒሳብ ሠራተኛው ናቸው። ካርታቸውን በአውራ ጣታቸው ከፍ አድርገው አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አዩ። ከዚያ ሁለት ጃክ ገልጠው ጣሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ጃክ ይጣላል እንዴ? ፈሩ?»

«አልፈራሁም ልጄ። እሱ የቸኮለው ከአንተ ጋር እንዲጋጭ ነው፤ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

ሹፌሩ ምን እንደያዘ አላሳየም። ከሁለት እጅ በኋላ ከጠያቂው ልጅ ጋር ተጋጭቶ ልጁን ባዶ አደረገው። ጋሼ ሦስተኛ ወጥተው 90 ብራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ጃኮቹን መጣላቸው ትክክል ነበር ወይ የሚለው እስከዛሬ ያነታርካል፤ ሹፌሩ ያገኘውን ሁሉ የሚገፋ ሰው ነውና ጃክ በጣም ከበቂ በላይ ነው የሚል ክርክር አለ፣ ክርክሩም የዋዛ አይደለም። በደብተሩ ግን «የጋሼ ጃክ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል።

መግፋትና መቀበል

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ሁልጊዜ መጣል ነው ብሎ የተረዳ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቷል። መቀበል ውድ ከሆነ መግፋት ርካሽ ነው። የሚቀበል ሰው የሚበላው በካርታ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚገፋ ሰው ግን በካርታም ይበላል፣ ሌሎቹ ሲጥሉም ይበላል። ብላይንዱ 200 እና 400 ሲደርስ መሃል ላይ ሳይነካ የተቀመጠ 600 አለ። 2800 ያለው ሰው ገፍቶ ሁሉም ቢጥሉለት ቺፕሱ ከአምስት አንድ በላይ ያድጋል፣ ካርታውን ማንም ሳያይ።

ስለዚህ ቺፕስ ከአስር ቢግ ብላይንድ ሲያንስ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀራል፤ ሙሉውን መግፋት ወይም መጣል። ትንሽ አስይዞ ካርታ ማየት፣ አይቶም መጣል፣ ቆርኪ በየመንገዱ ማንጠባጠብ ነው። ትልቁ ጥፋት ሦስት ቢግ ብላይንድ እስኪቀር መጠበቅ ነው፤ ያኔ ቢገፉም የሚፈራ የለም፣ ሁሉም «ላየው» ይላል። ከዚህ የሚለየው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ሌላ ሰው ከአንተ ያነሰ፣ አንድ ብላይንድ ያህል ብቻ ቀርቶት ካየህ፣ እሱ እስኪወጣ መታገስ።

ብዙ ቆርኪ የያዘ ሰው አራት ሰው ሲቀር መካከለኞቹን ሊያስጨንቃቸው ይገባል፤ መቀበል አይችሉምና። ትንሹን ግን አይነካም፣ እሱ የሚያጣው ስለሌለው ይቀበላል።

የአባዶ የራሱ የሆነ ነገርም አለ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ካራ የሚወርድ ታክሲ ይመነምናል። በእንግድነት የመጣ ሰው ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ከጀመረ ሊገፋ ነው፤ ካርታው ምንም ይሁን። ይህ «የታክሲ ኦል ኢን» ይባላል፤ ኦል ኢን ሙሉውን መግፋት ማለት ነው። በመጠነኛ ካርታ መቀበል ይቻላል፣ በተለይ ጃኬቱን ለብሶ ከሆነ።

ማካፈል

ሦስት ሰው ሲቀር ተካፍሎ መለያየት ይፈቀዳል፣ ሦስቱም ከተስማሙ። እንዴት ይካፈል የሚለው ግን አልተፈታም። አሮጌው ልማድ ለሁሉም 90 ብር ሰጥቶ ቀሪውን 180 በቆርኪ ድርሻ መክፈል ነው። 6750፣ 4050 እና 2700 ለያዙ ሰዎች 180፣ 144 እና 126 ብር ይደርሳል። በማልመዝ መንገድ ደግሞ 172 ከ77፣ 147 ከ37 እና 129 ከ86 ነው። አሮጌው ልማድ ለመሪው ያደላል ማለት ነው። ልዩነቱ 7 ብር ገደማ ነው፣ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ባለፈው ወር ግን በሷ ሲጨቃጨቁ ታክሲው አመለጣቸውና ሦስቱም እስከ ካራ በእግር ወረዱ።