ታይ ቺ እና ቺ ጎንግ፦ በዝግታ የሚሠራ ስፖርት

ታይ ቺ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰዎች እጃቸውን ቀስ ብለው ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ፣ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም። አብሯቸው የሞከረ ጀማሪ ግን ብዙም ሳይቆይ ጭኑ ይንቀጠቀጣል። ጉልበት ሸብረክ እንዳለ ነው የሚሠራው። ቶሎ ቶሎ ስንራመድ ፍጥነቱ ራሱ የሚዛናችንን ጉድለት ይሸፍንልናል፤ እዚህ ያ ሽፋን የለም።

አንዷን እርምጃ ብቻ እንያት። ክብደት ሁሉ በቀኝ እግር ላይ ያርፋል። ግራው «ባዶ» ይባላል፤ ተረከዙ መሬት ቢነካም ገና ምንም አልተሸከመም። ከዚያ ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ እንደሚገለበጥ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል። መጀመሪያ ውስጥ እግር፣ ቀጥሎ ጣቶች መሬቱን ይይዛሉ። ወገብ ይዞራል፣ እጅም ወገብን ተከትሎ ይመጣል። ትከሻ ሽቅብ ከተሰበሰበ ወይም ትንፋሽ ከታፈነ እንደገና መጀመር ነው። ሐሳብ የሚያርፈውም በዚህ ነው፤ እግርን እንዲህ እየተከታተሉ ስለ ነገ መጨነቅ ይከብዳል።

ታይ ቺ ሲነሳ የውጊያ ስልት ነበር። ሥሩ በቻይና ሄናን ግዛት የምትገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቼን ዋንግቲንግ እንደ ጀማሪው ይቆጠራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንግ ሉቻን ከቼን ቤተሰብ ተምሮ ቤጂንግ ላይ አስተማረ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው የእሱ ቤተሰብ ስልት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. የቻይና መንግሥት ይህንኑ አሳጥሮ 24 እንቅስቃሴ ያለው ቅጽ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት፣ አዘጋጀ። አብዛኛው ጀማሪ የሚማረው ይህንን ነው። ዩኔስኮም በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ታይ ቺን አስፍሯል።

ሌላው የቻይና ልምምድ ቺ ጎንግ ከታይ ቺ ይቀላል። «ቺ» ትንፋሽም የሕይወት ኃይልም ማለት ነው፤ «ጎንግ» ደግሞ በልፋት የሚገኝ ችሎታ። ረጅም ቅጽ መሸምደድ አያስፈልግም፤ አንዱ እንቅስቃሴ ከትንፋሽ ጋር ይደጋገማል። «ስምንቱ የሐር ጥልፎች» የሚባለው ስብስብ ስምንት እንቅስቃሴ ብቻ ነው ያለው። «አምስቱ እንስሳት» ደግሞ የነብር፣ የአጋዘን፣ የድብ፣ የዝንጀሮና የወፍ አኳኋን ይከተላል። ልማዱ ጥንታዊ ነው፦ በቻይና ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ ከ2,100 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከተዘጋ መቃብር የተገኘ ሐር ላይ እንዲህ የሚንቀሳቀሱ 44 ሰዎች ተስለዋል።

ስለ ቺ ኃይልነት የፈለጉትን ማመን ይቻላል። እኔ የማተኩረው በተመዘነው ላይ ነው። ታይ ቺ አረጋውያን ከመውደቅ እንዲድኑ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የነርቭ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ24 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሠርቶ ሚዛናቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካንሰር ይፈውሳል፣ መድኃኒት ያስጥላል የሚል አስተማሪ ካጋጠመ ግን ጥሎት መሄድ ነው የሚሻለው።

ለጀማሪ ጠፍጣፋ ጫማና ሁለት እርምጃ የሚያስኬድ ቦታ ይበቃል። ጉልበት ከእግር ጣት አልፎ ወደፊት አይሂድ፣ ወደ ውስጥም አይጠምዘዝ፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ብዙ ሳይወርድ ከፍ ብሎ ይሥራ። መቆም ያቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁንና ትንፋሹን ማሠራት ይችላል።